ባለ ቀይ ክዳኑ ጠብታ

«አገጭሽን እዚህ ላይ አሳርፊ፤ እንዳትነቃነቂ።»

ሩፋይዳ ትንፋሿን ያዘች። የዓይን መመርመሪያው ማሽን ብርሃን ቀኝ ዓይኗ ላይ ሲያርፍ ሕመሙ እስከ ማጅራቷ ዘለቀ። የዓይን ነርሷ ሲስተር የሻለም በማሽኑ ላይ አቀርቅራ ብዙ አየች።

«ዓይንሽ ውስጥ ያለው ብግነት አልበረደም» አለች በመጨረሻ። «ብሌንሽም ክብነቱን እያጣ ነው፤ ጠርዙ ከኋላው ካለው ሌንስ ጋር መጣበቅ ጀምሯል። ባለ ቀይ ክዳኑን ጠብታ የሰጠንሽ ብሌንሽን ከፍቶ ከዚህ እንዲያድንሽ ነበር። አላቋረጥሽም አይደል?»

አባቷ ሼህ አብዱልጀሊል ቀደሟት። መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ግማሹን ሰፈር ቁርአን ያስቀሩ አስተማሪ ናቸው።

«ጠዋት በሱብሂ፣ ማታ በመግሪብ ሰላት እኔው ነኝ የማስታውሳት። አንድም ቀን አላሳለፈችም፣ አልሃምዱሊላህ።»

ሩፋይዳ አፈረች። ለብግነቱ የታዘዘላትን ሌላውን ጠብታ፣ ባለ ነጭ ክዳኑን፣ በየሰዓቱ ታደርጋለች። ቀዩ ግን ፊደሉን ሁሉ ያደበዝዝባታል፤ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ደግሞ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። «ሸውጃቸው በቃ፤ ነጩ ይበቃሻል» ብላ የመከረቻት ጓደኛዋ ሀያት ነች። ከዚያ ወዲህ ጓዳ ገብታ ትንሽ ትቆይና፣ ለሰላት በታጠበችበት የውዱእ ውሃ የራሰ ሽፋሽፍቷን እያርገበገበች፣ ጠብታውን ያደረገች መስላ ትወጣለች። አባቷም አይተው «አላህ ያሽርሽ» ይሏታል። እንዲህ ስምንት ቀን አለፈ።

ሲስተር የሻለም ወረቀት ሳበች። «እንግዲያው መድኃኒቱ አልሠራላትም ማለት ነው። ደሴ ሆስፒታል ልላካችሁ፤ ጠንከር ያለ መድኃኒት፣ ምናልባትም ዓይኗ አጠገብ መርፌ ያስፈልጋት ይሆናል። እንደተጣበቀ ከቆየ ማየቷን ልታጣ ትችላለች።»

ሩፋይዳ መርፌውን ፈራች፤ መታወሩን ፈራች፤ ከሁሉም በላይ ግን የአባቷን ፊት ፈራች። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ መሮጥ ጀምሯል። ዝም ካለች፣ ያላደረገችው መድኃኒት «አልሠራም» ተብሎ ሊጻፍ ነው።

እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደች። ባለ ቀይ ክዳኑን ጠርሙስ አወጣችና ለሲስተር ሳይሆን ለአባቷ ሰጠቻቸው።

«አብዬ፣ ወደ መስኮቱ አድርገው ይዩት።»

ሼህ አብዱልጀሊል ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረጉት። ፈሳሹ ገና እስከ አንገቱ ድረስ ሙሉ ነበር። ልጃቸውን አዩ፤ በየቀኑ ርሶ ያዩትን ሽፋሽፍቷን አዩ። ተቆጥተው እንደሆን አላወቀችም። ወደ ሲስተር የሻለም ዞሩ።

«ሲስተር፣ አሁን ቢደረግላት የተጣበቀው ይላቀቃል?»

«እርግጠኛ አይደለሁም፤ እንሞክር።»

ሩፋይዳ ራሷን ወደ ኋላ አስደግፋ ዓይኗን በሰፊው ከፈተች።