ርብ ያልገደለው ዋናተኛ

ሼህ ጀማል ጨርቅ በተጠቀለለበት ጣታቸው የሬሳውን አፍንጫ ሲያጥቡ አንድ ነገር ተጠመጠመባቸው። መጀመሪያ የሣር ቅጠል መሰላቸው። ወደ መስኮቱ ብርሃን ሲያስጠጉት ሣሩ ተላወሰ። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡና በሠላሳ ዓመት የጀናዛ አጣቢነታቸው አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ ሥራውን አቋርጠው ወጡ።

በር ላይ የቆመው የሟቹ አባት ነጋዴው መሐመድዘይን ቀና ብሎ አያቸው።

«እንዳይከፈን» አሉት። «አዛናውን ጥሩልኝ።»

ሃምሳ አለቃ አዛናው የወረታ ፖሊስ መርማሪ ነው። ሲደርስ ሼኹ ያገኙትን ነገር ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ከተውት ጠበቁት። አልቅት ነው። እንደ ክር የቀጠነ፣ ጥቁር፣ ብርጭቆውን እየታከከ ሽቅብ የሚወጣ አልቅት። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ከሞተ በኋላ ከአፍንጫው ሕይወት ያለው ነገር ሲወጣ ማየት ያስጠላል። አዛናው ግን ፎገራ ላይ በከብት መሐል ያደገ ስለሆነ ከበሬ ጉሮሮ አልቅት በጣቱ ጎትቶ ያውቃል። እሱን የቀፈፈው ሌላ ነገር ነበር።

«ደም አልጠጣም» አለ።

«በምን አወቅህ?»

«ደም የጠጣ ቢሆን ጣቴን ያክል ነበር። ይኼ ገና መግባቱ ነው። ጆሮውን አይተውታል?»

«ጥቁር ጭቃ ሞልቶበታል። ሦስት ጊዜ አጠብሁት፣ አልለቅ አለኝ።»

ሟቹ ጀላል የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው። ከሁለት ወር ወዲህ ወረታ የምታወራው ስለ እሱ ነበር። የስፖርት አስተማሪው አበረ ከአንድ የውጭ መጽሔት ትራያትሎን ስለሚባል ውድድር አንብቦ ለወጣቶች ማኅበር በዓል አንድ አዘጋጀ። የርብን ወንዝ በዋና መሻገር፣ በብስክሌት አዲስ ዘመን ከተማ መድረስ፣ ከዚያ እስከ ጣራ ገዳም ግርጌ መሮጥ ነው። ጀላል ሲጀምር መንሳፈፍ እንኳ አያውቅም ነበር። የሚጋልባትም ፍሬን የሌላት የአባቱ የዕቃ መጫኛ ብስክሌት ናት። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ይስቅበት ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን የሚቀድመው ጠፋ። በመሐሉም አሸናፊው በክፍለ ሀገሩ የስፖርት ቡድን ይታቀፋል፣ ከብሔራዊ ውትድርናም ይቀራል ተባለ። የዘማቾቹ ስም ከአውራጃው ወርዶ ነበርና ከዚያ ወዲህ ውድድሩ ጨዋታ መሆኑ ቀረ።

ዛሬ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጀላል በዋና ቁምጣው ከርብ ድልድይ ሥር ሞቶ ተገኘ። ልብሱ ዳር ላይ ተጣጥፏል፤ ብስክሌቷ ዛፍ ተደግፋ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አያልነህ ሬሳው ሳይደርቅ ፈረደ። «ዋና የማያውቅ ልጅ ውሃ ውስጥ የከተተ አስተማሪ ገዳይ ነው» ብሎ አበረን የኋሊት አሳሰረው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጭነት መኪና መጥቶ ወደ አውራጃው እስር ቤት ሊወስደው ነው። በዚያ ዘመን እዚያ ገብቶ የተመለሰ ብዙ ሰው አልነበረም።

አዛናው ለቅሶ ቤቱ አጥር ሥር ታስሮ ከተቀመጠው ከአበረ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ዛሬ ልምምድ ነበራችሁ?»

«ረቡዕ ዕረፍት ነው። ጀማሪ ካላረፈ ጉልበቱ ይፈርሳል።»

«ትናንት ስትጮህበት ሰምተዋል።»

«ውሃ ሳይጠጣ አዲስ ዘመን ደርሶ ሊመለስ ሲል ወደቀብኝ። እንዴት አልጮህ? ሃምሳ አለቃ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ። ዘጠኝ ሰዓት ከሆነ በኋላ ማንም አይሰማኝም።»

የጀላል እህት ዙህራ ጓሮ ውስጥ ብቻዋን ቆማለች። ዓይኗ አብጧል።

«ሱብሒ ሰግዶ ወጣ» አለች። «ወደ ርብ አልሄደም፤ በቁሐር ሚካኤል በኩል ነው የታጠፈው። ወዴት ነው ስለው፣ ‹የረጋ ውሃ ተፈቅዶልኛል› አለኝ።»

«የፈቀደለት ማን ነው?»

«አልነገረኝም። ደስ ብሎት ነበር።»

አዛናው ያንን ውሃ ያውቀዋል። ጎርፉ ሲሸሽ የቀረ፣ አረንጓዴ ለምድ የለበሰ፣ የሚሸት ኩሬ ነው። አልቅቱ ከብት ስለፈጀ ቀበሌው በእሾህ አሳጥሮታል፤ ያለ ሊቀመንበሩ ፈቃድ ማንም አይገባበትም። አዛናው ከሬሳው ጋር ወደ ግቢው ወደመጣችው ብስክሌት ሄዶ ጎንበስ አለ። በጎማዋ ጥርስ ውስጥ ጥቁር ጭቃ ደርቋል፤ በሰንሰለቷ መሐል ደረቅ ሣር ተሰክቷል። የርብ ዳር ግን አሸዋ ብቻ ነው።

ጓድ አያልነህ ጥላ ሥር ተቀምጦ በአንድ ቦት ጫማው የሌላውን እግር ባት ያሻል። ለቅሶ ቤት የመጣ አይመስልም፤ ስብሰባ የረዘመበት ይመስላል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቢሮ። እግሬ ውሃ ከነካ ሳምንት አልፎታል።»

«ስለ እግርዎ አልጠየቅሁም።»

አያልነህ እግሩን ማሸቱን አቆመ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ።

የአያልነህ ልጅ አንለይ ግድግዳ ተደግፎ ያለቅሳል። እሱም ተወዳዳሪ ነው፤ ስሙ ከዘማቾቹ ዝርዝር ላይ ሦስተኛ ነው፤ አባቱ ሊሰርዘው ሞክሮ አልቻለም።

«ዋና ማን አስተማረህ?» አለው አዛናው።

«ጀላል።»

«እሱ ከሌለ ማን ያሸንፋል?»

አንለይ መለሰ፤ ድምፁ ግን አልወጣም። ከንፈሩ «እኔ» ሲል ብቻ ታየ።

ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ አዛናው ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰባቸው። አበረን ከነገመዱ አስመጣው። ብርጭቆውን መሐል ላይ በርጩማ ላይ አስቀመጠው። አንዳንዱ ፊቱን አዞረ፤ የሚፈረድበት አይደለም።

«ይኸ ከጀላል አፍንጫ የወጣ ነው» አለ። «ርብ በአሸዋ ላይ ይሮጣል፤ አልቅት አያበቅልም። አልቅት የሚኖረው በረጋ ውሃ ነው። ‹ሌላ ቀን ጠጥቶት ይሆናል› የሚል ካለ፣ እዩት፤ ባዶ ሆዱን ነው። ጀላል በመጨረሻ ከሳበው ውሃ ጋር ገባ፤ ደም ሳይጠጣ ሰውዬው ሞተበት። ጆሮው ውስጥ ያለውም ጭቃ የኩሬ ጭቃ ነው። ጀላል የሞተው ቁሐር ሚካኤል መንገድ ላይ ባለችው ኩሬ ነው።»

«ታዲያ ርብ ማን ወሰደው?» አሉ ሼህ ጀማል።

«ብስክሌቷ ሣር ይዛለች። ከሬሳው ጋር ጋሪ ላይ ተጭና፣ ሣር ለብሳ ነው የሄደች። ሣር የሚያመላልሰው የቀበሌው ጋሪም፣ የኩሬው ፈቃድም ያለው በአንድ ሰው እጅ ነው። ያ ሰው ሬሳው ተጠቅልሎ ወዲያው የሚቀበር መሰለው። እስላም ሬሳውን ሲያጥብ አፍና አፍንጫውን እንደሚያጠራ አላወቀም። እዚሁ ከተማ አብሮ እየኖረ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም።»

አያልነህ ሳቀ። «ይኸ ሁሉ ወሬ በአንድ ትል ነው?»

«የኩሬው ትልልቅ አልቅት ደግሞ እግር ላይ ነው የሚጣበቅ። ቢነቀልም ደሙ ግማሽ ቀን አይቆምም። የልጁን ጭንቅላት ደፍቆ የያዘ ሰው እስከ ጉልበቱ ገብቷል። ሁላችንም ሱሪያችንን እንሰብስብ፤ ከእኔ እንጀምር።»

አዛናው የራሱን ሰበሰበ። ሼኹም ሽርጣቸውን ከፍ አደረጉ። የአበረን ሱሪ የቀበሌው ዘበኛ ሰበሰበለት፤ የብስክሌት ጭረት እንጂ ሌላ የለበትም። የአንለይም እግር ንጹሕ ነው። አያልነህ ብቻ አልተነሳም።

«እኔን? አብዮቱ የሾመኝን? ማን ነው ጫማዬን የሚያስፈታኝ?»

ዘበኞቹ መሬት መሬት አዩ። ያኔ አንለይ ከግድግዳው ተላቀቀና አባቱ እግር ሥር ተንበረከከ። አያልነህ ልጁን ሊመታው እጁን አነሳ፣ ግን አልመታውም። አንለይ የቦቱን ማሰሪያ ፈታ፣ ጎተተ። ካልሲው በደም ርሶ ከቦቱ ጋር ተጣብቋል። ባቱ ላይ አራት ቦታ እንደ ጥፍር ጫፍ ያነሱ፣ ሦስት ማዕዘን ያላቸው ቁስሎች ደም ያነባሉ።

«አንድ ልጅ ነው ያለኝ!» አለ አያልነህ። «አንድ! የነጋዴው ልጅ በስፖርት ሲቀር የእኔ ልጅ ይሙት? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

ይኸ ሰው ጠዋት ገድሎ፣ ለቀኑ ሌላ ገዳይ ፈልጎ፣ ከሰዓት ለቅሶ ተቀምጧል። «አስተማሪውን ፍቱ» አለ አዛናው። አበረ የተፈታ እጁን እያሻሸ ከመሐመድዘይን አጠገብ ቆመ።

አንለይ ግን እንደተንበረከከ ነው።

«ጀላል መች ሊዘምት ነበር?» አለ። «ግራ ጆሮው አይሰማም። ሐኪሞቹ ባለፈው ወር አይዘምትም ብለው መለሱት። ውድድሩን የገባ እኔ ብቻዬን ውሃ ስለምፈራ ነው። በዕለቱ ጣራ ገዳም ሥር ቆሞ ሊያሳልፈኝ ተስማምተን ነበር።»

«ውሸት ነው» አለ አያልነህ።

«የሐኪሞቹ ወረቀት ላይ ማኅተሙን የመታህ አንተ ነህ።»

መሐመድዘይን ከኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ለአዛናው ሰጠው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይኸም አለቀቀም። የሐኪሞቹ ቃል፣ ከሥሩ የሊቀመንበሩ ፊርማና ክብ ማኅተም አለበት። አያልነህ ወረቀቱን ተቀብሎ ብዙ ጊዜ አየው።

«በቀን መቶ ወረቀት ነው የማትም» አለ በመጨረሻ። «ሁሉን ማን ያነባል?»

«ከፊቴ አንሱልኝ» አለ አዛናው፤ ዘበኞቹም በዚህ ጊዜ አላመነቱም።

ሼህ ጀማል ገብተው እጥበቱን ጨረሱ። ቃሬዛው ሲወጣ አንለይ ወደ መሐመድዘይን ቀረብ ብሎ አንገቱን ደፋ።

«አባባ፣ እኔም ልሸከም?»

ሰው ሁሉ ሽማግሌው ይመልሰዋል ብሎ ጠበቀ።

«በቀኙ በኩል ያዝ» አለው። «ግራው አይሰማህም።»