ያልወጣው ፔርኖ

«ያዢው እንጂ! ክንዱ ሲወዛወዝ እያየሽ ዝም ትያለሽ?»

ፌንጣ የሞተር ሳይክሉን የኋላ ክንድ በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ ይዛዋለች። የሚወዛወዘው ክንዱ ሳይሆን የአባቷ መዶሻ እንደሆነ አይታለች፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ለአባት አይነገርም። መዶሻው ተነሣ፣ ወረደ፣ ፔርኖውን ስቶ ጎኑ ያለው ብረት ላይ አረፈ። ከአሮጌው ቀለም አንድ ቅርፊት ተፈናጥሮ ጉንጯን መታት።

ፔርኖው የኋላ ጎማውን የተሸከመውን ክንድ ከሞተሩ አካል ጋር የሚያያይዝ፣ እንደ አውራ ጣት የወፈረ ብረት ነው። በግራና በቀኙ ኩሽኔታ አለ፤ መንገዱ ጎርበጥ ባለ ቁጥር ክንዱ ከፍ ዝቅ የሚለው በእነዚህ ኩሽኔታዎች ላይ ነው። ማለስለሻው ግራሶ ከደረቀባቸው ይዝጋሉ። ከዛጉ ይበላሉ። ከተበሉ ደግሞ የኋላ ጎማው የራሱን መንገድ ይሄዳል፣ ነጂው የራሱን። ይህን ሁሉ ያስተማራት አባቷ ነው፤ ገና ፊደል ሳትቆጥር፣ ግራሶ የነካው ጣቱን አፍንጫዋ ላይ እያሻሸ እያሳቃት።

ያኔ እጁ ጤነኛ ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከአልጋው ሊነሣ ሲል ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው። እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰለት፤ እጁ ግን የሌላ ሰው እጅ መስሎ ቀረ። ለጠየቀው ሁሉ «ብርድ መትቶኝ ነው» ይላል። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች ከአባቷ ጋራዥ ጀርባ ባለችው ክፍል የሚኖሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሸሚዙን የምትቆልፍለት ፌንጣ ናት። እሷም ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

«አባዬ፣ እኔ ልምታው?»

«አንቺ ወደ ትምህርትሽ ሂጂ። ረፍዶብሻል።»

ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሥራው አልቆ ጠበቃት። ጎማው ተገጥሟል፤ ፔርኖው ጫፍ ላይ ያለው ዳዶ ጠብቋል፤ በመገጣጠሚያው ዙሪያ አዲስ ግራሶ ያብለጨልጫል። አባቷ ዱካው ላይ ተቀምጦ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል።

«ወጣልህ?»

«ወጣ። አጥቤ፣ ቀብቼ መለስኩት።»

የፌንጣ ዓይን ሳታስበው ወደ ላምባው ሳህን ሄደ። የወጣ ኩሽኔታ መጀመሪያ የሚታጠበው እዚያ ውስጥ ነው፤ አንድ አሮጌ ኩሽኔታ ከታጠበበት ላምባው ከሰል ይመስላል። አሁን ግን የሳህኑ ታች ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጠዋት ራሷ እንደቀዳችው ነው።

«አባዬ… ላምባው ንጹሕ ነው።»

የአባቷ እጅ ጨርቁ ላይ ቆመ። «ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ እኔን የምትቆጣጠሪኝ?»

«ሲስተር ነገ በዚህ ሞተር ክትባት ይዛ ቁልቁለቱን ነው የምትወርደው።»

«ይኼን ሁሉ ዓመት በዚያው ኩሽኔታ ስትመላለስ አልኖረችም? ነገ ነው የሚሰበረው?» ድምፁ ጋራዡን ሞላው፤ ወዲያው ደግሞ ወረደ። «ስሚኝ ልጄ። እጁ ከድቶታል የሚል ወሬ አንድ ጊዜ ከዚህ በር ከወጣ መላሽ የለውም። እኔ ከዚህ ሌላ ምን አውቃለሁ? ደጅ ተጎልቼ ዝንብ እሽ ልበል?»

ፌንጣ ደብተሯን ወርውራ መሬቱን መጥረግ ጀመረች፤ የሚጠረግ ነገር ግን አልነበረም።

ሲስተር የመጣችው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። የጤና ጣቢያው ነርስ ናት። ሞተሩ ሲስተር ከራሷ አባት የወረሰችው፣ በዕድሜ የሚበልጣት ሽማግሌ ነው፤ የጤና ጣቢያው መኪና ከቆመ ወዲህ ክትባቱን ማዶ ላሉት መንደሮች የምታደርሰው በእሱ ነው።

«ጋሼ፣ ዳነልኝ? ኩርባ ላይ እኮ ኋላው ብቻውን ሊጨፍር ይነሣል!»

«አሁን ቅቤ ሆኗል» አለ የፌንጣ አባት፣ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ።

ሲስተር ሳቀችና ወደ ፌንጣ ዞረች። «የዚህ ቤት አለቃ አንቺ ነሽ፤ አንቺ ካልመሰከርሽ አላምንም። እውነት ቅቤ ሆኗል?»

አባቷ መሬት መሬት ያያል። እንዲህ አንሶ አይታው አታውቅም።

«አዎ» አለች ፌንጣ።

ሞተሩ እያጓራ ሄደ። ኩርባው ጋ ሲደርስ ኋላው ትንሽ ሸርተት ያለ መሰላት። ከዚያ ጭሱ ብቻ ቀረ። የዚያን ዕለት ራት ቀርቦ ማንም ሳይነካው ተነሣ።

በማግሥቱ ሰማዩ ገና ሲገረጣ ፌንጣ ትልቁን መዶሻ፣ ቁልፎቹንና የናፍጣውን ጠርሙስ በከረጢት ከተተች። አባቷ ከጋራዡ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ እንቅልፍ እንዳልዞረበት ያሳብቃል።

«ወዴት ነው?»

«ሲስተር ጋ።»

ዓይኑን ከረጢቱ ላይ ጣለ። እንዲቆጣት፣ ተመለሽ እንዲላት ፈለገች፤ ቢከለክላት ምናልባት ትቀር ነበር።

«እንግዲያው የጋራዡን በር ዘግተሽ ሂጂ» አለ በመጨረሻ። «ካሁን በኋላ ማን ይመጣበታል?»

ዘጋችው። ጥቂት እንደተራመደች ድምፁ ከኋላዋ ደረሰባት። ፊቱን ወደ እሷ አላዞረም።

«ዳዶውን ጨርሰሽ እንዳትፈቺው። ጫፉ ላይ ተዪውና እሱን ምቺ። አለዚያ የፔርኖው ጥርስ ይበላሻል።»

ሲስተር በጤና ጣቢያው ግቢ የክትባቱን ሣጥን ከሞተሩ ኋላ በገመድ እያሰረች ነበር።

«ፌንጣዬ! ምን እግር ጣለሽ በዚህ ጠዋት?»

መንገዱን ሙሉ ስታሰናዳው የመጣችው ንግግር ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። «ፔርኖው አልወጣም» አለች። «ኩሽኔታው አልተነካም። ግራሶው ከላይ ብቻ ነው።»

ሲስተር ቀልድ መስሏት ፈገግ እንዳለች ቆየች። ፌንጣ ተንበርክካ የኋላ ጎማውን በሁለት እጇ ያዘችና ወደ ጎን ገፋችው። ቋ አለ። ደግማ ገፋችው። ቋ።

«ትናንት ጠይቄሽ ነበር» አለች ሲስተር። ፈገግታው ጠፍቷል።

«አዎ።»

«ዓይን ዓይኔን እያየሽ አዎ አልሽኝ።»

«አልኩ።»

«ወድቄ ብሞትስ?»

ፌንጣ ጎማውን ለቀቀች። ሲስተር ገመዱን ፈትታ ሣጥኑን ተሸክማ ገባች። ስልክ ስታወራ ድምፅዋ በመስኮቱ ይሰማል፤ «ዛሬ አልደርስም፣ ንገሯቸው። አውቃለሁ። እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው በሌሊት እንደተነሡ አውቃለሁ። ምን ላድርግ ታዲያ?»

ስትወጣ እጅጌዋን ሰብስባለች። ጎማውን አወረዱ፤ መገጣጠሚያውን ናፍጣ አጠጥተው ጠበቁ። ከዚያ ሲስተር ክንዱን ያዘች፣ ፌንጣ ዳዶውን ጫፉ ላይ ትታ መታች። መዳፏ እስኪላጥ መታች። ፀሐይ ግቢውን ስትሞላው ፔርኖው እንደበሰበሰ ጥርስ እያቃሰተ ወጣ፤ ተከትሎትም የጡብ ዱቄት የመሰለ ቀይ ዝገት ፈሰሰ። ከኩሽኔታዎቹ የአንደኛው ውስጡ እንክትክት ብሏል። ፔርኖው ራሱ ወገቡ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለችው።

ሲስተር ጥፍሯን ስንጥቁ ላይ ወዲያና ወዲህ አመላለሰችው። ዓይኗን ወደ ቁልቁለቱ ጣለች። ፌንጣም ወደዚያው አየች።

«አባትሽን የመታው ብርድ አይደለም፣ አይደል?»

«አይደለም።»

«ይምጣና ልየው።»

«አይመጣም።»

«አንቺ ብቻ ንገሪው።» ፔርኖውን በጨርቅ ጠቀለለችው። «ይኼን ግን ሌላ ጋ ነው የማሠራው። አትቀየሚኝ።»

«አልቀየምም» አለች ፌንጣ። መዶሻውን ወደ ከረጢቱ መለሰች።

ቤት ስትመለስ አባቷ እዚያው ደረጃው ላይ ነበር። ፌንጣ ከረጢቱን አውርዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ተሰንጥቋል» አለች።

«ኩሽኔታው?»

«ፔርኖው። ወገቡ ላይ።»

አባቷ ዓይኑን ጨፈነ። በግራ እጁ ፊቱን ሸፈነና ትከሻው ተንቀጠቀጠ። አባት ሲያለቅስ ልጅ ምን እንደምታደርግ ማንም አላስተማራትም፤ የማይሰማውን ቀኝ እጁን ወስዳ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

አንድ ጎረምሳ ሞተሩን እየገፋ መጥቶ ፊታቸው ቆመ። «ፋዘር፣ ፍሬኑ አልይዝ ብሎኛል። ቶሎ ይደርስልኛል?»

አባቷ ፊቱን በፍጥነት ጠረገ። «አስቀምጠ…» ብሎ ጀመረና ቃሉ መሐል ላይ ቀረ። ፌንጣን አያት።

«እጁን አሞታል» አለች ፌንጣ። «የምሠራው እኔ ነኝ። እሱ አጠገቤ ሆኖ ያሳየኛል።»

ጎረምሳው ከእግር እስከ ራሷ አያት። «አንቺ? ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?» ወደ አባቷ ዞረ። ሳቅ ወይም ማስተባበያ የጠበቀ ይመስላል፤ አባቷ ግን ዓይኑን ከፌንጣ አላነሣም። «በቃ፣ ችግር የለም። ሌላ ጋ ልሞክር» አለና እየገፋ ሄደ።

«አየሽ?» አለ አባቷ።

«አየሁ።»

ከኩርባው በኩል የሌላ ሞተር ድምፅ መጣ። እያስነጠሰ፣ እየተቆራረጠ፣ ወደ እነሱ እየቀረበ ነው። አባቷ ደረጃውን ተደግፎ ሊነሣ ሞከረ። ፌንጣ ቀድማው ተነሣች።