«ለጊዜው» የምትለው ቃል

ሐምራዊት ያኔ ልጅ ነበረች። ደብረ ብርሃን፣ አያቷ ቤት፣ ከመጋረጃ ጀርባ ቆማ አክስቷን እናናዬን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ሲነጋገሩ ሰማች። ከዚያ ሁሉ ንግግር ጆሮዋ ውስጥ የቀረው የአያቷ ድምፅ ብቻ ነው፤ «…አይሆንም።» ከ«አይሆንም» በፊት አንዲት ቃል ነበረች። «ለጊዜው» ትሁን «ለእሷ»፣ ዛሬም እርግጠኛ አይደለችም። ሽማግሌዎቹ ግን ዳግመኛ አልመጡም። እናናዬም ሳታገባ ቀረች።

ከስንት ዓመት በኋላ፣ ባሕር ማዶ፣ ኮለምበስ፣ ሬይኖልድስበርግ ከእናቷ ጋር በምትኖርበት ቤት፣ ያቺ ቃል ተመልሳ መጣችባት።

አባቷ ጋሼ ደጀን በኮሮና ወረርሽኝ፣ በበረዶው ወራት ሆስፒታል ገብተው እዚያው አረፉ። ኮምፒውተራቸው ከነወንበሩ እንደ ነበረ ነው። እናቷ እትዬ ጽጌረዳ እሑድ እሑድ ቅዳሴ የሚከታተሉት በእሱ ነው፤ ወንበሩ ላይ ግን እሳቸውም አይቀመጡም። ዓመቱ ሳይሞላ፣ በኖቬምበር፣ ስክሪኑ ላይ አዲስ መልእክት መጣ።

«ምንድነው የሚለው? አርጅቷል ሊለኝ ነው?»

«አዲሱን ዊንዶውስ መሸከም ይችል እንደሆን ቼክ ይደረግ ነው የሚለው፣ እማዬ።»

«እንግዲያው አንድርያስን ጥሪልኝ። ለሥራ ዳላስ ሊገባ ነው አሉ፤ ሳይሄድ ይየው።»

ሐምራዊት መሄዱን የሰማችው ገና አሁን ነው።

አንድርያስ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ካሜራ ጀርባ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለሕዝብ በተዘጋባቸው ወራት ቅዳሴውን በኢንተርኔት የሚያስተላልፉት እሱና ሐምራዊት ነበሩ። ባዶው አዳራሽ ውስጥ በዓይን ብቻ መግባባትን ለመዱ። አንድ ቀን በረዶ እየጣለ፣ መኪናው አጠገብ፣ «ሽማግሌ ልላክ?» አላት። መለሰችለት። ከዚያ ወዲህ ግን ራቃት። በአባቷ ቀብር ወንበር ተሸከመ፣ ድንኳን ተከለ፤ እሷን ቀና ብሎ አላያትም። ሐሳቡን ቀይሯል ብላ ጉዳዩን ለእግዚአብሔር ሰጠችው፤ ልቧ ግን አልሰጠውም።

ቅዳሜ ዕለት አንድርያስ መጣ። የጋሼ ደጀንን ወንበር ሳይነካ ከኩሽና ሌላ ስቦ ተቀመጠ። መመርመሪያውን ፕሮግራም ጭኖ አስነሳውና ጠበቁ።

«ምን አለ?» አሉ እትዬ ጽጌረዳ።

«አይሆንም ይላል፣ እትዬ።»

እሳቸው ወደ ኩሽና ገቡ። ሐምራዊት ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አነበበች፤ ደግማም አነበበች።

«አንድርያስ፣ ቃል ዘለልክ።»

«የትኛውን?»

«ከረንትሊ ይላል። ለጊዜው አይሆንም ነው የሚለው።»

«ለሚሄድ ሰው ምን ለውጥ አለው?»

«ለእኔ አለው» አለች። «እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩህ።»

ዞሮ አያት።

«መኪናው ጋ? አንቺ ያልሽኝ አይሆንም ነው።»

«ለጊዜው አይሆንም! አባዬ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ሌላ ምን ልበልህ?»

«ማስክ አድርገሽ ነበር፣ ሐምሪዬ…»

«አንተስ አላደረግክም? እኔ ግን ሰምቼሃለሁ።»

አንድርያስ ዓይኑን ወደ ኪቦርዱ መለሰ። «እኔ እኮ እንዳላስቸግርሽ ብዬ ነው የራቅኩት» አለ።

«እኔ ደግሞ ቆይቶም ቢሆን ሽማግሌ ይመጣል ብዬ ነው የጠበቅኩት።»

አንድርያስ ኮምፒውተሩ ያልቻለበትን ምክንያት የሚዘረዝረውን ገጽ ከፈተ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደህንነት የምትጠብቅ ትንሽ ቺፕ። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሳው፤ ከጥቁሩ ስክሪን ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ፈለጋት።

«ውስጡ አለች» አለ። «ተዘግታ ነው እንጂ።»

ከፈታት። ምርመራው ሲደገም አረንጓዴ ምልክት መጣ። አንድርያስ ምልክቱን አላየውም፤ እሷን ነበር የሚያየው።

እትዬ ጽጌረዳ በሩ ላይ ቆመዋል።

«እህስ?»

«ይሆናል፣ እትዬ።»

አማተቡ። «ታዲያ ምነው ቅድም ልቤን ቆረጥከው?»

«ቃል ዘልዬ ነው።»

«ሰምቻለሁ። ይሄ ቤት ግድግዳው ወረቀት ነው» አሉ። ሐምራዊት ፊቷ ጋለ።

አንድርያስ ተነሣ። «እትዬ፣ ዳላስ አልሄድም። የቤተ ክርስቲያኑን ጋሼ ጀማነህንና ሌሎች አባቶችን… ሽማግሌ አድርጌ ልላካቸው?»

«የደጀን ሙት ዓመት ሳይወጣ?» አሉ እትዬ ጽጌረዳ።

 ሐምራዊት ያን የአያቷን ቤት መጋረጃ ዳግመኛ ከፊቷ አየችው። በልቧ «አቤቱ» አለች።

እናቷ ወደ ባላቸው ወንበር ሄዱ። መደገፊያውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉት።

«ሠርጉ ሙት ዓመቱን ይጠብቃል። ሽማግሌዎቹ ግን ይምጡ» አሉ። «ጆሯቸው ደህና የሆኑትን ምረጥ። እኔም እዚህ፣ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጬ እቀበላቸዋለሁ።»