ከግራ የሚመጣው

ዮናታን የሞተው በጠራራ ፀሐይ፣ አሥራ ሰባት ጓደኞቹ በአጠገቡ እየተላለፉ ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ኢቶቢኮ ካለው ሜዳ ዳር፣ ልብስ መቀየሪያዋ ቤት ውስጥ፣ ረጅሙ አግዳሚ ላይ ተጋድሞ ፎጣ ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ ነበር። የደከመው መሰላቸው። አንዱ የሁለቱን ጫማዎች ክር እርስ በርስ አሰረለት፤ ሲነሣ ይደናቀፋል ብሎ እየሣቀ። ልምምዱ አልቆ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ፎጣውን ያነሣው አሠልጣኙ ግሌን ነው። ክሩን የፈታውም እሱ ነው።

ቀኑ ቅዳሜ፣ በኛ አቆጣጠር ነሐሴ አራት፣ ዓመቱ በፈረንጆቹ 1996 ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እየሩሳሌም ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ሥርጉት ወደምትሠራበት የመኪና ማቆሚያ እየሮጠች መጣች።

ሥርጉት ሀገር ቤት መቶ አለቃ ነበረች፤ አሥራ አንድ ዓመት የመኪና አደጋ መርምራለች። ቶሮንቶ ሙያዋን አይቶ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ባለች የመስታወት ሳጥን ውስጥ ትኬት ቆራጭ አድርጎ አስቀመጣት። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። እሷ ግን የሚገባውን መኪና ሁሉ ጭረት እያነበበች ትውላለች፦ ይኼ ሰውዬ የጋራዡን በር ስቷል፤ ይቺ ሴትዮ ለባሏ ገና አልነገረችም። ተሳስታ አታውቅም።

እየሩሳሌም የሰላሙ እናት ናት። ሰላሙና ዮናታን እኩያሞች፣ ሁለቱም የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች፣ የአንድ ቡድን ተጫዋቾች ነበሩ። በዚያ ጠዋት ልምምድ ላይ ሰላሙ ከግራ በኩል እየሮጠ መጥቶ ዮናታንን በትከሻው ሲመታው ሁሉም አይቷል። ዮናታን ወደቀ፣ ተነሣ፣ ራሴን አዞረኝ ብሎ ሊጋደም ገባ። ሁለቱ ልጆች ደግሞ ሳምንቱን ተኳርፈው መክረማቸውን ለፖሊስ የነገረ አልጠፋም። የኛ ሰው መልካም ወሬ ለማድረስ ይዘገያል፤ ክፉውን ያለ ትራንስፖርት ያደርሰዋል።

«ሰኞ ጠዋት መጥተው ይወስዱታል» አለች እየሩሳሌም። «አንድ ልጄን፣ ነፍሰ ገዳይ ብለው።»

«መታው ወይስ አልመታውም?»

«መታው።»

«እንግዲያው እሱን አንክድም። ሌላ የምንጠይቀው ነገር አለ።»

ጨዋታው የአውስትራሊያ እግር ኳስ ነው። እግር ኳስ ይባል እንጂ ኳሷ እንደ ሎሚ ሞላላ ናት፤ በእግር ትለጋለች፣ በቡጢ ተመትታ ለጓደኛ ትሰጣለች፣ ከሁሉ በላይ ግን ዘሎ አየር ላይ ለሚቀልባት ይጨበጨባል። ግሌን ከአውስትራሊያ መጥቶ ዌስተን ሰፈር ቡድን ሲያቋቁም ሯጭ ፈለገ፤ ሯጭ ሲፈልግ የኛን ልጆች አገኘ። «ሽመላዎቹ» አላቸው። በመጀመሪያው ዓመት አንድም ጨዋታ አላሸነፉም። ዘንድሮ ከዘጠኙ ሰባቱን።

ለውጡን ያመጣው የጋሼ ባልቻ ካርድ ነው ይባላል። ጋሼ ባልቻ ሀገር ቤት ሠላሳ ዓመት የስፖርት መምህር ነበሩ፤ ስደት መጥቼ መምህርነቴን ተውኩ የሚሉ ሰው አይደሉም። በየሐሙሱ ለእያንዳንዱ ልጅ በአማርኛ ካርድ ይጽፋሉ፦ ሩጫ፣ ቀለባ፣ ግራ እግር፣ ጠባይ፣ ሁሉም ከአሥር። ከነጥቡ ሥር ደረጃ፣ ከደረጃው ሥር ምክር፣ ከምክሩ ሥር የወላጅ ፊርማ። ፊርማ የሌለው ካርድ አይቀበሉም። ነሐሴ ሲያልቅ ደግሞ ከቡድኑ አንድ ልጅ ይመረጣል፤ ሜልቦርን ሄዶ ለአንድ ትልቅ ክለብ ይሞከራል። መራጩ ያ ካርድ ነው።

ሥርጉት በመጀመሪያ የሄደችው ወደ ሰላሙ ነው። ልጁ አልጋው ላይ ተቀምጦ መዳፎቹን ያያል። አንቱታ አያውቅም፤ እሷም አልጠበቀችበትም።

«ጠርቼዋለሁ» አለ። «ሁለቴ። ዞር ብሎ እኔ ያለሁበትን አየ፤ ከዚያ እንደሌለሁ ዝም አለ። ኢግኖር ያደረገኝ መሰለኝ። ተናደድኩ... ግን እንደዚያ እንዲሆን አይደለም፣ ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማሃለሁ። ለምን ተጣላችሁ?»

«በካርዱ ነዋ። ጋሼ ባልቻ ‹አንደኛ ነህ፣ በዚሁ ቀጥል› ብለው ጽፈውልኛል አለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኳስ ሲጥል ነበር! እኔ አንድም አልጣልኩም።»

«ካርዱን አሳየህ?»

«አሳየኝ። ግን አማርኛ ነው። እኛ ማንበብ አንችልም፤ በአምስት ዓመታችን ነው የመጣነው። የኔን እናቴ ናት የምታነብልኝ።»

ሥርጉት ይኼን በልቧ ያዘች። ከዚያ አጠገቡ የቀዘቀዘውን ሾርባ እንዲጠጣ አዘዘችውና ወጣች።

በማግሥቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ጋሼ ባልቻ በጫማ ካርቶን ያስቀመጡትን የዮናታንን ካርዶች ጠረጴዛ ላይ ደረደሩላት። ከግንቦት ጀምሮ ያሉት ካርዶች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፦ ነጥቡ እየወጣ ሄዶ አንደኛ ይደርሳል፤ ከሥሩ በሐምራዊ ቀለም የአውራ ጣት አሻራ። የልጁ እናት ተሻለች መጻፍ ስለማትችል ጋሼ ባልቻ የቀለም ስፖንጅ ገዝተው ሰጥተዋታል።

የጨዋታ መዝገባቸው ላይ ሐምሌ ሃያ ቀን ከዮናታን ስም አጠገብ «ቀለባ፦ 10» ይላል።

«አሥር ለማንም ሰጥቼ አላውቅም» አሉ። «ሁለት ልጆች ላይ ዘሎ፣ በሰማይ ቀለባት። በቀኝ ጭንቅላቱ ወረደ። ኳሷን ግን አልለቀቀም። ተነሥቶ ሣቀ። እኛም ቆመን አጨበጨብን።»

ቀጣዩና የመጨረሻው ካርድ የሐምሌ ሃያ አምስት ነው፤ በፍልሰታ ካርድ አይጽፉም። ቀለባ አራት። ደረጃ ዘጠነኛ። ምክሩ በቀይ ተጽፏል፦ «ከግራ የሚመጣውን አያይም። ሐኪም ይየው። እስኪታይ አይጫወት።» ከሥሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ሐኪም አይቶታል፣ ደኅና ነው» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከዚያ ፊርማ፦ ተሻለች።

«አሻራው የት ሄደ፣ ጋሼ?»

«ማታ ማታ ትምህርት ገብታ የለም እንዴ። ስሟን መጻፍ ቻለች ብዬ...» ጋሼ ባልቻ ዓይናቸውን ከካርዱ ላይ አነሡ። «ደስ አለኝ፣ ልጄ። ደስ ብሎኝ አሳለፍኩት።»

ሥርጉት አዘነችላቸው፤ ከጥርጣሬ ግን አላወጣቻቸውም። ጥፋቱን መሸፈን የፈለገ መምህር ያን መስመር ራሱ ሊጽፈው ይችላል።

ከዚያ ለግሌን ደወለች። ሐምሌ ሃያ ስድስት፣ ካርዱ በተሰጠ ማግሥት፣ የዮናታን ታላቅ ወንድም በርናባስ መጥቶ ልጁን ከመሀል ሜዳ ወደ ግራ መስመር እንዲያዛውረው እንደለመነው ነገራት። ግራ መስመር ይወዳል ብሎት ነበር። ከዚያ በኋላ በርናባስ ከአንድም ልምምድ ቀርቶ አያውቅም፤ ከመስመሩ ውጪ ቆሞ ይጮህለት ነበር። ቅዳሜ ብቻ ሥራ አቆይቶት አርፍዶ መጣ። ልምምዱም በዚያ ቀን መሀል ሜዳ ላይ፣ በክብ ነበር። ሥርጉት ስልኩን ዘግታ ወረቀት ላይ እንቁላል የመሰለ ሜዳ ሣለች፤ እንደ ድሮዋ ፍላጻ እየሰካችበት ብዙ አየችው።

ልቅሶ ቤቱ ሴንት ጄምስ ታውን፣ ሃያኛ ፎቅ ላይ ነው። አባታቸው ስደት መንገድ ላይ ከቀረ ጀምሮ ለዮናታን አባት የሆነው፣ ሀገር ቤት ትምህርት የጀመረው በርናባስ ነበር፤ የኤርፖርት መጋዘን ውስጥ ሣጥን እየተሸከመ አሳደገው። አሁንም ወንበር የሚያቀርበው፣ ውኃ የሚያዞረው እሱ ነው። ከተቀመጠ የሚወድቅ ይመስላል። ሥርጉት ወንድሙን ሕመም ይሰማው እንደነበር ጠየቀችው።

«ራሱን ያመው ነበር፣ እትዬ ሥርጉት። ፍልሰታ ሲገባ ነው የጀመረው። ጾሞ ይሮጣል፤ የጾም ነው አልን።»

ግድግዳው ላይ የሐምሌ ሃያው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፦ ዮናታን አየር ላይ፣ ሁለት እጆቹ ኳሷን ይዘው። ከሥሩ ካለው መደርደሪያ ላይ የቀለም ስፖንጁ አለ። ክዳኑ አቧራ ለብሷል።

ሥርጉት ከሰዓት በኋላ እየሩሳሌምን ከነልጇ አስጠራች። ሰላሙ በሩን አልፎ ሲገባ ቤቱ ተንጫጫ፤ አንዷ ሴትዮ ደፋሩ ብላ ፊቷን አዞረች። ጋሼ ባልቻና ግሌን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ተሻለች ፍራሽ ላይ ናት፤ ከትናንት ወዲህ ቃል አልተነፈሰችም።

«እዚህ ቤት መሟገት ነውር መሆኑን አውቃለሁ» አለች ሥርጉት። «ነገ ጠዋት ግን ፖሊስ ይህን ልጅ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ነውሩን እኔ ልሸከመው። አንድ መኪና የት እንደተመታ የተጨራመተው ቆርቆሮ ይነግራችኋል። መቼ እንደተመታ የሚነግራችሁ ግን ዝገቱ ነው። ሰላሙ ትናንት መትቶታል። ዝገቱ ግን የሁለት ሳምንት ነው።»

ወደ ፎቶግራፉ አመለከተች። ልጁ ከዚያ ዝላይ ሲወርድ በቀኝ ጭንቅላቱ እንደወደቀ፣ በአምስተኛው ቀን ጋሼ ባልቻ ከግራ የሚመጣውን እንደማያይ ደርሰውበት ካርዱ ላይ እንደጻፉ፣ ሰላሙም ሲጠራው ዞሮ ያላየው ስለናቀው ሳይሆን ማየት ስላልቻለ እንደሆነ አስረዳች። ሰኞ የወጣው የአስከሬን ምርመራም ይኸንኑ አለ፤ የቆየ ደም፣ በላዩ አዲስ ደም። እሑድ ዕለት ግን ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

«ካርዱ ‹አይጫወት› ይላል። አንድ ሰው ከሥሩ ሐኪም አይቶታል ብሎ ጽፎ በእናቱ ስም ፈረመ። እትዬ ተሻለች የምትፈርመው በአውራ ጣቷ ነው፤ ስፖንጁን እዩት፣ አልተነካም። ዮናታን ጻፈው እንዳንል፣ ሰላሙም ጻፈው እንዳንል፣ ፊደል አያውቁም። ስለዚህ የጻፈው ሀገር ቤት የተማረ ሰው ነው። ጋሼ ባልቻን ጠርጥሬ ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ። ነገር ግን ዮናታን ካርዱ ‹አንደኛ ነህ፣ በዚሁ ቀጥል› እንደሚል ለሰላሙ ነግሮታል። ከወደቀ ወዲህ እንደዚያ የሚል ካርድ የለም። ማንበብ ለማይችል ልጅ ካርዱን ያነበበለት ሰው፣ ያልተጻፈ አነበበለት። ጠባቸውም የመጣው ከዚያ ነው።»

ሰላሙ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«በማግሥቱ አንድ ሰው ዮናታንን ወደ ግራ መስመር አዛወረው። እዚያ የቆመ ተጫዋች በግራው ያለው የሜዳው ጠርዝ ነው፤ ከጠርዝ ውጪ ተጋጣሚ አይመጣም። ልጁ በግራው እንደማያይ የማያውቅ ሰው ይህን አያስብም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በርናባስ፣ ሕመሙ ፍልሰታ ሲገባ ጀመረው አልከኝ። ካርዱ የተጻፈው ጾሙ ሊገባ ስድስት ቀን ሲቀረው ነው።»

በርናባስ የያዘውን የውኃ ብርጭቆ ማስቀመጫ ፈለገ። አጣ። ይዞት ቆመ።

«የምርጫው ቀን ደርሶ ነበር» አለ። «ካርዱን ቢያውቅ ራሱ አልጫወትም ይል ነበር፤ ጋሼ ባልቻ ያሉትን አያልፍም። ሜልቦርን ሲደርስ የክለቡ ሐኪሞች ያዩታል አልኩ። እስከዚያው በግራው እኔ እቆምለታለሁ አልኩ።»

«ሰላሙ ሲጠየቅ ለምን ዝም አልክ?»

«እማዬ ሁለት ልጅ እንዳታጣ።»

«እየሩሳሌም ያላት አንድ ነው» አለች ሥርጉት።

ጋሼ ባልቻ መዝገባቸውን ከፍተው ያን «10» ያዩታል። ሊሰርዙት ቀይ እስክሪብቶ አወጡ፤ እጃቸው እምቢ አላቸው።

«ካርዱን አንብቢልኝ» አለች ተሻለች።

ሥርጉት አጠገቧ ተንበርክካ ሁሉንም አነበበችላት። ሩጫ ስድስት። ቀለባ አራት። ግራ እግር ሦስት። ጠባይ አሥር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ዘጠኝ። ምክሩንም፣ ከሥሩ ያለውን ሐሰትም።

«ስንተኛ ወጣ?»

«ዘጠነኛ።»

«ከስንት?»

«ከአሥራ ስምንት።»

«ዘጠነኛ» አለች ተሻለች፣ ቃሉን እንደምታውቀው ሰው ስም ቀስ ብላ። «ዘጠነኛም እኮ ደኅና ነው።»

በርናባስ ብርጭቆውን እንደያዘ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አላየችውም፤ አልረገመችውም። ትንሽ ቆይቶ ከሥርጉት ጋር ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሊሄድ ሲነሣ ግን፣ እናቱ በግራው ስታልፍ ትከሻውን በመዳፏ ነካችው፤ ወደ መደርደሪያው እየሄደች ነበር።

ስፖንጁን ከፈተችው። ደርቆ ነበር፤ አውራ ጣቷን በምራቋ አርጥባ ደጋግማ አሸችው። ከዚያ ካርዱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በሰማያዊው ፊርማ ላይ ጣቷን ተጫነች፤ ስሟ እስኪጠፋ ድረስ ብዙ አቆየችው።

«አሁን አይቻለሁ» አለችና ካርዱን ለጋሼ ባልቻ ዘረጋችላቸው።

ጋሼ ባልቻ ተነሥተው፣ ጎንበስ ብለው፣ በሁለት እጃቸው ተቀበሏት።