ነፃነት ከላይ ወደ ታች ያነበበችው

«አትንኩ።»

ነፃነት የቤት ሥራዋን ያስቀመጠችበትን ፎልደር የሰየመችው እንዲህ ብላ ነው። ምክንያትም ነበራት። ኮተቤ ባለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ባለው ኮምፒውተር ቀን እሷ ትማርበታለች፤ ማታ ደግሞ የማታ ተማሪ ይቀመጥበታል። የመግቢያ ስሙም የይለፍ ቃሉም ለሁሉም አንድ ነው። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ls ብሎ ኢንተር የመታ ሰው፣ እዚያ ውስጥ ያለው ፎልደርና ፋይል በየስሙ ተደርድሮ ይወጣለታል። ማን የማንን ጓዳ እንደሚያይ አይታወቅም ነበር።

በማግስቱ መጥታ ls ስትል አንድ የማታውቀው ስም አየች። እንደ እሷው በላቲን ፊደል የተጻፈ ነው፤ «አልነካሁም» ይላል። ከፈተችው፤ ባዶ። ለዚህች ቃል ብቻ ተብሎ የተፈጠረ ፎልደር ነው።

ነፃነት ነገር የምታሳድር ልጅ አይደለችም። «ማን ጠየቀህ» የሚል ሌላ ባዶ ፎልደር ፈጠረችና ወደ ቤቷ ሄደች። መልሱ በነጋታው ጠበቃት።

«ማንም። ግን የቤት ሥራሽ ስህተት አለው።»

ብታየው እውነትም አለው። ይሄኔ የባሰ ተናደደች።

ዘመኑ ሞባይል የያዘ ሰው መንገድ ላይ ዞር ተብሎ የሚታይበት ነበር። ለእነሱም መነጋገሪያቸው እነዚህ ባዶ ፎልደሮች ሆኑ። ሌላ ሰው እንዳያይባቸው ሕግ አወጡ፤ ያነበበ ያጠፋል። ስለዚህ በየቀኑ የሚጠብቃት አንድ መስመር ብቻ ነው። ያችን አንድ መስመር ለማንበብ ከእንጦጦ ሽሮ ሜዳ ወርዳ፣ ታክሲ እየቀያየረች ኮተቤ ትደርሳለች። ትምህርቱማ ሰበብ ሆኖ ነበር።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ክፍለ ጊዜው ዘገየና የቀኖቹ ሳይወጡ የማታዎቹ ገቡ። ነፃነት ከወንበሯ ስትነሳ የቦርሳዋ ማንገቻ የኪቦርዱን ገመድ ይዞት ኖሮ፣ ኪቦርዱ ተጎትቶ መሬት ወደቀ። ከኋላዋ የቆመ አንድ ረጅም ልጅ፣ የሸሚዙን እጅጌ ሲሚንቶ የነካው፣ ጎንበስ ብሎ አነሳው።

«አትንኩ ያልሽው ለካ ለራስሽም ኖሯል» አላት።

የምትገባበት ጠፋት።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ገመቺስ እባላለሁ።»

«ሲሚንቶ ውስጥ ነው እንዴ የምታድረው?»

«ካራ ነው የምሠራው፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብር። ስቶር ኪፐር ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ በቀንና በማታ ትምህርት መሀል ያለችው ጥቂት ደቂቃ የእነሱ ሆነች። በር ላይ ቆመው ያወራሉ። እናቱ ደምቢ ዶሎ እንደምትኖር፣ አዲስ አበባ ላይ ዘመድ የሚለው ሰው እንደሌለው ነገራት። እሷም አባቷ መሪጌታ ዓምደ ሚካኤል የእንጦጦ ማርያም የዜማ መምህር እንደሆኑ፣ እነሱ ቤት ሳቅ እንኳ በልክ እንደሆነ ነገረችው። ዋናውን ነገር ግን ፊት ለፊት የደፈረ አልነበረም። እሱን ለፎልደሩ ተዉለት። «ወድጄሻለሁ» የሚለውን ያገኘች ቀን ነፃነት ሕጉን መፈጸም አቃታት፤ ክፍሉ ባዶ እስኪሆን ድረስ ስታየው ቆይታ፣ እያዘነች አጥፍታ፣ በቦታው «እኔም» ብላ ሄደች።

ደስታዋ ሰኔ እስኪገባ ድረስ ነበር።

«ዘመንፈስቅዱስ ሽማግሌ ሊልክ ነው» አሏት እናቷ ወይዘሮ ወለተማርያም። «ለእሁድ ሳምንት። ባንክ የሚሠራ፣ ጨዋ ልጅ ነው።»

ጨዋ ነበር። ክፉ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለላት!

ዓርብ ዕለት ነፃነት «ሽማግሌ ሊመጣብኝ ነው፣ ለእሁድ ሳምንት፣ ምን ላድርግ» ብላ ጻፈች። ያን ቀን በር ላይ ብትጠብቀው ሥራ ይዞት ዘገየ፤ መሽቶባት ሄደች። ሰኞ ከቤት ልትወጣ ስትል እናቷ አስቆሟት።

«ግድግዳው ሊቀባ፣ ጠላው ሊጠመቅ፣ የት ነው የምትሄጅው? ይህን ሳምንት ትምህርቱ ይቆይሽ።»

ሳምንቱን ሙሉ ብሩሽ ይዛ ግድግዳ ስትቀባ ልቧ መስኮቱ ሥር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት «ደብተር ልቀበል» ብላ አምልጣ ወጣች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ls አለች። ያላነበበችው ስላልጠፋ፣ ገመቺስ በየምሽቱ የጻፈው ሁሉ አንድ ላይ ተደርድሮ ጠበቃት።

«አባትሽ ፊት እቆማለሁ»

«እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ማርያም በር ጠብቂኝ»

«ፈራሁ፣ ሽማግሌ የምልከው የለኝም»

«ተይኝ ይቅርብሽ»

ከላይ ወደ ታች አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ጀግኖ፣ ቀጠሮ ሰጥቶ፣ ኋላ ሸሸ። ቢያንስ ፊት ለፊት ቢነግራት ምን ነበረበት? ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ ፊደሎቹ ተደበላለቁባት። ማጥፋት እንኳ አስጠላት። «ገባኝ» የሚል አንድ ፎልደር ጨመረችና ወጣች።

እሁድ ከማለዳ ጀምሮ ያካፋ ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ቆመው ጠየቁ፤ አባቷ እንደ ደንቡ ለመልሱ የሚቀጥለውን እሁድ ቀጠሩ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እናቷ ጓዳ ገብተው ቀስ ብለው ጠየቋት።

«አንቺስ ምን ትያለሽ ልጄ?»

«እሺ በሏቸው።»

«ከልብሽ ነው?»

«እሺ አልኩ እኮ እማዬ።»

ሰኞ ትምህርት ስትመለስ እሱን ላለማየት ቀድማ ወጣች። ማክሰኞ ስትመጣ አዲስ የተጻፈ ነገር የለም። ይኸው፣ ሸሽቷል አለች በልቧ። ሆዷ ግን አላመነላትም።

ረቡዕ መምህርት ጫልቱ ሰሌዳው ፊት ቆማ እያስተማረች ነበር።

«ls ዝም ብላችሁ ስትሉት በፊደል ተራ ነው የሚደረድርላችሁ። በኤ የሚጀምረው ከላይ፣ በዜድ የሚጀምረው ከታች። መቼ እንደተፈጠረ ለማየት ከፈለጋችሁ ls -lt በሉ። አዲሱን ከላይ፣ አሮጌውን ከታች አድርጎ ከነቀኑ ያሳያችኋል። እስቲ ሞክሩት።»

ነፃነት ሞከረችው። መስመሮቹ ቦታ ተለዋወጡ። ከየስሙ ጎን ያለውን ቀን ተመለከተች፤ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ከታች ወደ ላይ ወጣች። «ተይኝ ይቅርብሽ» ያላት ሰኞ ነው። «ፈራሁ» ያላት ማክሰኞ። ረቡዕ ምንም አልጻፈም፤ ሲያስብ ያደረ ይመስላል። «ማርያም በር ጠብቂኝ» ሐሙስ። «አባትሽ ፊት እቆማለሁ» ዓርብ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የራሷ «ገባኝ» ተቀምጧል። የ«አባትሽ» ኤ እና የ«ተይኝ» ቲ ናቸው ሰውየውን ፈሪ ያስመሰሉባት። ቆርጦ ነበር የመጣው፤ እሷ ናት የቀረችው።

«ምን ሆንሽ ነፃነት?» አለቻት መምህርቷ።

«ተሳስቼ አንብቤው ነው ቲቸር።»

«ምኑን?»

ደብተሯን ሰብስባ ተነሳች።

የማታዎቹ እስኪገቡ በር ላይ ጠበቀች። ገመቺስ የለም። ከእሱ ጎን የሚቀመጠውን ፈዬራን ጠየቀችው።

«ገመቺስ? ሰኞ ገብቶ ኮምፒውተሩን አንዴ አየና ምንም ሳይነካ፣ ሳያጠፋ ተነስቶ ወጣ። አሶሳ ቅርንጫፍ ሊከፍቱ ነው፤ አልሄድም ሲላቸው ነበር፣ አሁን እሺ ብሏል። ነገ ጠዋት ከዕቃው ጋር ይሄዳል።»

መደብሩ በዚያ ሰዓት ተዘግቷል፤ ቤቱን አታውቀው። ደግሞስ ምን ይዛ ልትሄድ? ራሷ እሺ ያለችውን ሽማግሌ ይዛ? ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብላ አሰበች፤ እሱ ለማድረግ የቆረጠውን አሁን ማድረግ ያለባት እሷ ናት።

አባቷ ደጅ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«አባዬ፣ ሽማግሌዎቹን እሺ እንዳይሏቸው።»

መሪጌታ ከተቀመጡበት አልተንቀሳቀሱም። አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ስትጨርስ ሊቆጡ ነው ብላ ጠበቀች።

«ረጅም ነው? ቀጭን፣ ግራጫ ሹራብ የሚለብስ?»

«አዎ። እንዴት አወቁ አባዬ?»

«ከቅዳሴ ስወጣ በሩ ጋ ቆሞ ነበር። ሽማግሌዎቹን ሸኝቼ ለሠርክ ስመለስም እዚያው ነው፤ ዝናቡ ወርዶበት። ማንን ትጠብቃለህ ልጄ አልኩት። አንዲት ልጅ ነው የምጠብቀው አለኝ። እስካሁን ያልመጣች አትመጣም፣ ሂድ ወደ ቤትህ አልኩት።» ድምፃቸው ተሰበረ። «አመስግኖኝ ወረደ። እኔ ነኝ ያባረርኩት።»

ነፃነት ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እጃቸው ራሷ ላይ አረፈ።

«ለሽማግሌዎቹ እኔ እነግራቸዋለሁ። ጠዋት ተነሺ፤ አብረን እንሄዳለን።»

ካራ ሲደርሱ አይሱዙው ቆርቆሮና ሚስማር ተጭኖ ቆሟል። ገመቺስ ጭነቱ ላይ ወጥቶ ገመድ ያጠብቃል። መጀመሪያ ያየው መሪጌታን ነው፤ ዘሎ ወረደ።

«የእሁዱ አባት! እዚህ ምን አመጣዎት?»

«ልጄ ናት ያመጣችኝ።»

ይሄኔ ከኋላቸው ነፃነትን አያት። ፊቱ ጠቆረ።

«ገባኝ ብለሽ ጽፈሽ የለ» አላት በዝግታ። «አንብበሽ ከቀረሽ እኔ ምን ልበል?»

«ከላይ ወደ ታች አንብቤው ነው ገመቺስ... መጀመሪያ የጻፍከውን መጨረሻ አደረገብኝ። የሸሸህ መሰለኝ።»

አሰበ። የጻፋቸውን በልቡ አንድ በአንድ ሲደረድር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ።

«በፊደል ተራ» አለ።

«በፊደል ተራ።»

መሪጌታ ስለምን እንደሚያወሩ አልገባቸውም። ግን የሚሉት ነበራቸው።

«ሽማግሌ የለኝም ብለህ ፈራህ አሉ።»

«አዎ አባቴ። እናቴ ሩቅ ናት፤ እዚህ ማንም...»

«አንተ ለልጄ ብለህ ቀኑን ሙሉ ዝናብ ላይ ስትቆም አይቼሃለሁ። ከዚህ ወዲያ ምን ሽማግሌ እጠይቅሃለሁ?»

ገመቺስ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ሲነሳ ነፃነት እጁን ያዘችው፣ አባቷ ፊት፣ ሳታፍር። ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ጡሩንባውን ነፋ፣ ደግሞ ነፋ። በዚያ ቀን አሶሳ የሄደው ሌላ ስቶር ኪፐር ነው።