ከነጺሙ የጀመርኩት ፊት

ዓርብ ለፈተና የሚታየው የዘይት ቀለም ሥዕሌ ካላለፈ፣ አባቴ የመኪና መለዋወጫ ሱቁ ውስጥ ሊያስገባኝ ቆርጧል። «ሁለት ዓመት ታገስኩሽ፤ ይበቃል» ብሎኛል። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት እግሬ አልረጋ ብሎ በሥዕል ክፍሉ ውስጥ ከመስኮት ወደ በር እመላለሳለሁ።

የምስለው ሰው የሥዕል ትምህርት ቤታችንን ኮሪደር የሚቀባ ቀለም ቀቢ ነው። መሰላል ላይ ሆኖ ሲያፏጭ አይቼው፣ «ለሥዕል ትቀመጥልኛለህ?» አልኩት።

«በሮለር ከሆነ በግማሽ ሰዓት እንገላገላለን» አለኝ። ሦስት ሳምንት ፈጀን።

መምህሬ ሥዕሉን ባዩ ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «መመሳሰሉንስ ይመስላል፤ ግን ምንም አይሰማውም። የመታወቂያ ፎቶ!»

እውነታቸውን ነው። ዓይኑን ትክ ብዬ ካየሁት ጉዴ እንደሚፈላ ስለማውቅ፣ ጺሙ ውስጥ ተደብቄ ፀጉር በፀጉር እስል ነበር።

በሩ ተከፈተና ቀለም ቀቢው ገባ። ጺሙ የለም።

«ምን አደረግህ?»

«ተላጨሁ።»

«ነገ እኮ ነው የሚታየው! ገደልከኝ!»

«ነገ መሆኑን መች ነገርሽኝ?» አለ ደንግጦ።

በንዴት የቀለም መፋቂያ ቢላዋ አንስቼ ፊቱን ከሸራው ላይ ሙልጭ አድርጌ ፋቅሁት። ትልቁን ብሩሽ ያዝኩ።

«ቁጭ በል! እንዳትነቃነቅ!»

አሁን መደበቂያ የለኝም። ዓይኑን አየሁት፤ እሱም አየኝ። የታችኛው ቀለም ሳይደርቅ ሌላ እደርብበታለሁ። ግንባሩ ላይ አረንጓዴ ገባ፤ ተውኩት።

«ለምን ተላጨህ?»

«ሊያልቅ ነው አልሽኝ። ካለቀ በምን ሰበብ እመጣለሁ? ኮሪደሩን ከጨረስኩ እኮ ዘጠኝ ቀን ሆኖኛል።»

ይህን የተናገረውን አፍ ሳይዘጋ ፈጥኜ ሳልኩት።

ዓርብ ዕለት መምህሬ ሥዕሉ ፊት ረጅም ጊዜ ቆሙ። «አሁን ሰው ሆነ» አሉ። «አልፈሻል።» አባቴ ከጎናቸው ቆሞ ሥዕሉን አየ፤ ከዚያ እኔን አየና ወጣ።

ቀለም ቀቢው ደረጃው ላይ ይጠብቀኝ ነበር።

«አለፍሽ?»

«አለፍኩ።»

«እንግዲህ ማብቃቱ ነው» አለ፤ አንገቱን ደፍቶ።

«እሑድ ቤት ና» አልኩት። «ያለ ሰበብ።»

እሑድ በራችን ተንኳኳ። እየተንደረደርኩ ብወጣም አባቴ ቀድሞኝ ከፍቷል። ከላይ እስከ ታች ካየው በኋላ፣

«ሥዕሉ ላይ ልጄን እንደዚያ የምታያት አንተ ነህ?» አለው።

«እኔ ነኝ።»

«ግባ።»