ስልሳ አንድ ቋጠሮ

መምህሩ በድሉ የሞተው የማኅበሩን የምርጫ ሣጥን ሲጠብቅ ነው። ሚያዝያ 1974 ዓ.ም.፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ሽሮ ሜዳ ባለው የሸማኔዎች ማኅበር አዳራሽ ውስጥ፣ ሸማኔ እግሩን ከሚያስገባባቸው ጉድጓዶች በአንዱ አፋፍ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን ተመትቷል። አጠገቡ ሸማ የሚጠቀለልበት ከባድ እንጨት ወድቋል፤ እንጨቱ የሸማኔው የጌጡ ነው።

ለቀበሌው ሊቀ መንበር ለጓድ ደቻሳ ነገሩ እዚያው ላይ አልቆ ነበር። መርማሪው መቶ አለቃ ቦጋለ ሲደርስ ጌጡ የፊጥኝ ታስሮ በር ላይ ተቀምጧል።

«ትናንት የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ምርጫ ነበር» አለ ደቻሳ። «አንዱ ተወዳዳሪ ይሄ ጌጡ ነው፤ ሌላው የክር ግዢ ሠራተኛው ኃይለ መለኮት። የእኔ ተወካይ ስላልመጣ ቆጠራው ለዛሬ ተላለፈ። ጌጡ ‹ድምፃችን ሳይቆጠር አያድርም› ብሎ ከበድሉ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰው ሁሉ ሰምቷል። እስከ ስድስት ሰዓት ሌላ ነገር ካላመጣህ ለከፍተኛው አብዮት ጥበቃ አስረክበዋለሁ።»

ለከፍተኛው የተሰጠ ሰው ምን እንደሚገጥመው ያን ጊዜ ለጉለሌ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ሬሳውን መጀመሪያ ያየችው የጌጡ ሚስት ደሳለች፣ ጥጥ ፈታይ ናት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

ቦጋለ ዝግተኛ ሰው ነው፤ ዝግታው አለቆቹን ያበሳጫል። በድሉ አጠገብ ተንበረከከና የተጨበጠ ቀኝ እጁን ጣት በጣት ከፈተው። ሦስት ሰማያዊ ክሮች ነበሩበት፤ ሦስቱም ተቋጥረዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ድምፅ ነው፣ ጌታዬ» አለች ደሳለች። «ፊደል ያልቆጠርን ስለምንበዛ በድሉ ያመጣው ዘዴ ነው። ቀይ ክር ለጌጡ፣ ሰማያዊ ለኃይለ መለኮት። መጋረጃው ጀርባ ገብተን አንዱን እንወስድና፣ ቋጥረን ሣጥኑ ውስጥ እንከታለን። ያልተቋጠረ አይቆጠርም፤ ወለል ላይ የወደቀ ብጣሽ ሁሉ ድምፅ እንዳይሆን።»

«መራጮቹ እነማን ናቸው?»

«እኛ፣ ሸማኔና ፈታዮቹ ብቻ። ስልሳ አንድ ነን። የቢሮ ሰዎች መወዳደር እንጂ መምረጥ አይችሉም።»

ዘበኛው እንደመሰከረው፣ ማታ ሌላው ሁሉ ከወጣ በኋላ ከበድሉ ጋር ግቢው ውስጥ የቀሩት ጌጡ፣ ኃይለ መለኮትና የማኅበሩ ጸሐፊ አዲሳለም ብቻ ነበሩ። ማን ቀድሞ እንደወጣ ግን አያስታውስም።

ቦጋለ መጀመሪያ ጌጡን አስፈታው።

«እንጨቱ የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው። የጀመርኩትን ጋቢ ጨርሼ አወጣሁና እንጨቱን እዚያው ትቼው ሄድኩ።»

«ከበድሉ ጋር ተጣልተው ነበር።»

«ተጨቃጭቀናል። ግን ልጄን ማንበብ ያስተማረልኝ ሰው ነው፤ በየትኛው እጄ እመታዋለሁ?» ጌጡ ይህን ብሎ አለቀሰ፤ ለማን እንደሚያለቅስ፣ ለበድሉ ይሁን ለራሱ፣ መለየት አይቻልም።

ኃይለ መለኮትን ያነጋገረው ሸማኔዎቹ በሚሠሩበት የአዳራሹ ወገን እየተዘዋወሩ ነው። ወጣቱ መልስ እየሰጠ ሳለ አንድ የተበጠሰ ድር አየ፤ ሳያስበው ጎንበስ ብሎ ቀጠለው። ቦጋለ ቋጠሮውን ፈልጎ ለማግኘት ዓይኑን ማጥበብ ነበረበት።

«የሸማኔ ልጅ ነህ?»

ኃይለ መለኮት ወደ ቢሮው በኩል አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባቴ ሸማኔ ነበሩ። ቢሮ ውስጥ ማንም አያውቅም። ትምህርት ቤት ‹ቁጢት በጣሽ› እየተባልኩ፣ በሸማኔ ልጅነቴ እየተሰደብኩ ነው ያደግኩት። እ... ማለቴ፣ በቃ ዝም ማለት ይሻላል ብዬ ነው።»

«አሸንፋለሁ ብለህ ነበር?»

«እነሱ ወገናቸውን ትተው እኔን? አይመስለኝም።»

አዲሳለም አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ፣ የሱሪው መስመር የማይዛባ ሰው ነው። ከታይፕ መኪናው ኋላ ሆኖ ያለ ፍርሃት ተናገረ።

«እውነቱን ልንገርዎ፣ መቶ አለቃ። ለእነዚህ ሰዎች ምርጫ መስጠት ስህተት ነበር። ስለ ብቃት ምን ያውቃሉ? አንዱ ወደሄደበት ሁሉም ይሄዳል። ሲሰለፉ አይቻቸዋለሁ፤ ለጌጡ እንደሚሰጡ ፊታቸው ይናገራል። ነገ መፈረም የማይችል አለቃ ደብዳቤ እያነበብኩለት ልኖር ነው?»

«ልክ ነህ፣ ይከብዳል» አለ ቦጋለ። «የመራጮቹ አሻራ ያለበትን ወረቀት ሁሉ በክር እሰርልኝና ልውሰደው።»

አዲሳለም ክሩን ሁለት ጊዜ ደራርቦ ቋጠረና ትርፉን በመቀስ ቆረጠው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ቦጋለ በበድሉ ኪስ በተገኘው ቁልፍ ሣጥኑን በሰው ፊት ከፈተ። ተቆጠረ፤ ቀይ ሃያ ሦስት፣ ሰማያዊ ሃምሳ ስድስት።

«ወረቀቱ ላይ ያለው ስልሳ አንድ አሻራ ነው። ክሩ ሰባ ዘጠኝ ሆነ» አለ ቦጋለ። «ደሳለች፣ ሰማያዊዎቹን በእጅሽ ዳሰስ ዳሰስ አድርጊያቸው።»

እሷ ሁለት ቦታ ከፋፈለቻቸው። «እነዚህ የኛ ናቸው። እነዚህ ግን ሸማኔ አልቋጠራቸውም። እንዲህ ያለ ጓል የሚያህል ቋጠሮ ሸማ ላይ ይጎረብጣል።» የለየቻቸው አሥራ ስምንት ሆኑ። በድሉ እጅ የተገኙት ሦስቱም ከእነሱ ጋር አንድ ዓይነት ናቸው።

«እንግዲህ ገዳዩ ሰማያዊ ክር ሲጨምር በድሉ ደረሰበት፤ ቀሪውን ከእጁ ነጠቀው። ገዳዩም ቅርብ ያገኘውን እንጨት አነሳ። ጌጡ ለተፎካካሪው ድምፅ አይሰርቅም።»

«የሚጠቀመው ኃይለ መለኮት ነዋ!» አለ ደቻሳ።

ቦጋለ ወጣቱን አየው። ኃይለ መለኮት ተነሳ። «አባቴ ሸማኔ ነበሩ» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «እጄ ከዚህ ሌላ ቋጠሮ አያውቅም።»

«ጠዋት ሲቋጥር አይቻለሁ» አለ ቦጋለ፣ የወረቀቱን እስር ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ። «ይህን ደግሞ አዲሳለም ነው የቋጠረው። ሁለት ጊዜ ተደራርቧል፤ ትርፉ በመቀስ ተቆርጧል። የአሥራ ስምንቱም እንዲሁ ነው። እዚህ ቤት ሸማኔ ክር የሚበጥሰው በእጁ ነው።»

«ቋጠሮ ደግሞ ማስረጃ ሆነ?» ሳቀ አዲሳለም።

«ብቻውን ላይሆን ይችላል። ግን ያንተን ስናወጣ ሰማያዊው ስንት እንደሆነ አሰብክ? ሰላሳ ስምንት። ኃይለ መለኮት ከመጀመሪያውም አሸንፎ ነበር።»

የአዲሳለም ሳቅ ቀረ። «አይሆንም። እነሱ? እነሱ መረጡት? ታዲያ እኔ በድሉን በከንቱ...» ያለውን ሰምቶ ራሱ ደነገጠና በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ።

«እኔም ሰማያዊ ነው የከተትኩት» አለች ደሳለች፣ ባሏን ሳታይ። «ጌጡን የመሰለ ጋቢ ሠሪ የለም። ግን ክር በጠፋ ቁጥር መሥሪያ ቤት ገብቶ የሚከራከርልን ሰው ያስፈልገናል። ጌጡ ቢሮ ሲገባ አፉ ይያዛል። ይህን ለማወቅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መድረስ አያስፈልግም።»

ጌጡ መሬት መሬቱን አየ። በሚስቱ ንግግር ከእስሩ ይበልጥ ተጎድቷል።

አዲሳለም ታስሮ ሲወጣ ደቻሳ ቆመ። «ምርጫው ተበላሽቷል፤ ተሰርዟል። ከላይ ሰው ይመደባል። ይሄ ሕዝብ ለምርጫ ገና አልነቃም። ጌጡ፣ ነፃ ነህ፤ ወደ ቤትህ ሂድ።»

ጌጡ አልሄደም።

«ቁጥሩ ይጻፍልኝ፣ መቶ አለቃ። እሱ ስንት፣ እኔ ስንት እንደሆንን።»

«ሂድ ተብለሃል!» ደቻሳ እጁን ወደ ሽጉጡ ወሰደ። «ዳግመኛ መታሰር አማረህ?»

«ይጻፍና እሰሩኝ።»

ቦጋለ ወደ ደቻሳ ሳያይ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ፤ ደብተሩን ለጌጡ ሰጠው። ጌጡ ማንበብ አይችልምና ለኃይለ መለኮት አቀበለው።

«ኃይለ መለኮት ሰላሳ ስምንት፣ ጌጡ ሃያ ሦስት» ብሎ ወጣቱ አነበበለት።

ጌጡ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ደሳለች ዞረና «በይ፣ ቤታችን እንሂድ» አላት።